ፍሬን ሲጮኽ፣ መብራት ሲበራ



የእንፍራንዝ ወንዝ ወደ ጣና በሚፈስበት የባሕር ዳር ዙሪያ፣ ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ፣ ማለዳው ርጥበት ነው። ሌሊቱን ዝናብ ሲመታው ያደረ መኪና ጠዋት ሲነሣ ፍሬኑ ይጮኻል። አንዱ ባለመኪና ይደነግጣል፤ ሌላው «ሁልጊዜም ይጮኻል» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ድምፁን አልለዩትም። የዚህ ወር አምዳችን ስለዚሁ ልየታ ነው።

የጠዋቱ ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት በዲስኩ ላይ ከወጣ ስስ ዝገት የሚመጣ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ይጠፋል። ቀኑን ሙሉ የማይለቅ ቀጭን ፉጨት ግን ሌላ ነገር ነው። በብዙ መኪኖች የፍሬን ሸራ ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች፤ ሸራው ሊያልቅ ሲቃረብ ዲስኩን እየነካች ትጮኻለች። ይህ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር ሸራውን ማስቀየር ነው። ማስጠንቀቂያው ከታለፈ ድምፁ ወደ ሻካራ ፍጭት ይለወጣል። ያን ጊዜ ሸራው አልቆ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው፤ ሸራ ብቻ ይበቃው የነበረ መኪና ዲስክም ይጠይቃል። ከሁሉ የከፋው ግን መኪናው በተፈለገበት ቦታ አለመቆሙ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ወደ ጋራዥ ማስጎተት እንጂ ሰው ጭኖ መንዳት አይገባም።

እግርም ከጆሮ ባልተናነሰ ይመረምራል። ፔዳሉ ሲረገጥ ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ እኩል አለመበላቱን ይጠቁማል። መኪናው ወደ አንድ ወገን ከጎተተ የአንዱ ጎማ ፍሬን በደንብ አይዝም፣ ወይም ይዞ አይለቅም ማለት ሊሆን ይችላል። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከሰመጠ አየር ገብቷል ወይም የፍሬን ዘይት እየፈሰሰ ነው፤ ይህ ለነገ አይባልም። በጎደለው ላይ የሞተር ዘይት መጨመር ደግሞ ጎማ ነክ የሆኑትን ክፍሎች ያበላሻል።

አሁን ወደ ዳሽቦርዱ እንምጣ። ቀይ መብራት «ቁም» ይላል፤ ቢጫ «ቶሎ አሳየኝ» ይላል። በክብ ውስጥ ያለው ቀይ ቃለ አጋኖ ሲበራ በመጀመሪያ የእጅ ፍሬን መለቀቁን እንይ፤ ተለቆም ከበራ የፍሬን ዘይት ጎድሎ ሊሆን ይችላል። የዘይት ማንቆርቆሪያ ምስል በቀይ ከበራ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ። ቴርሞሜትሩ ከቀላ ሞተሩ ግሏልና እንቁም፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን ሳይበርድ አንክፈት። የባትሪው ምስል አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ዲናሞው ወይም ስለ ቺንጋው ነው። ቢጫው ኤቢኤስ ብቻውን ሲበራ መደበኛው ፍሬን ይሠራል፤ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ክፍል ግን አይረዳንም።

ይህን ሁሉ የምንለው ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ ከደጀን በኋላ የዓባይን በረሃ ስለሚወርድ ነው። ቁልቁለቱ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ እግርን ፍሬን ላይ ጭኖ መውረድ ሸራውን ያግላል፤ ውኃ የጠጣ አሮጌ የፍሬን ዘይትም ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። መፍትሔው ከላይ ጀምሮ በከባድ ማርሽ መውረድ፣ የመቃጠል ሽታ ሲመጣ ጥግ ይዞ ማብረድ፣ ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ ገደማ ማስቀየር ነው። በጋለ ዲስክ ላይ ውኃ ማፍሰስ ግን ዲስኩን ሊያጣምመው ወይም ሊሰነጥቀው ይችላል።

አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ቁልፉ ሲዞር የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ይበራሉ፤ ሞተሩ ተነሥቶ የእጅ ፍሬኑ ሲለቀቅ ይጠፋሉ። ከመጀመሪያውም የማይበራ መብራት ካለ አምፖሉ ተቃጥሏል፤ ወይም ሆን ተብሎ ተነቅሏል። መኪና ሊሸጥ ሲል አምፖሉን የሚነቅል ሰው ነውሩን ሸሽጎ ይሸጣል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ከተከመረ እህል ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ሻጩ እርጥቡን ገዢው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ገሥጸውታል። የተነቀለ አምፖልም ከሥር የተደበቀ እርጥብ እህል ነው፤ ልዩነቱ በዚህኛው የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አለመሆኑ ነው።

የሚኒባስ ሾፌርም ቢሆን፣ ቤተሰቡን ለዒድ ዘመድ ጥየቃ የሚወስድ አባትም ቢሆን፣ ከኋላው የተቀመጠው ነፍስ ሁሉ አማና ነው። ተወኩል ሰበቡን ካደረሱ በኋላ ነው። እንግዲህ «ቢስሚላህ» ብለን ቁልፉን ስናዞር፣ መብራቶቹ በርተው እስኪጠፉ እንመልከት፤ ገና በግቢው ሳለን ፍሬኑን አንድ ጊዜ እንሞክር። የጉዞውን ዱዓ አድርገን መንገዳችንን እንቀጥል። አላህ በሰላም ያድርሰን፤ በሰላም ይመልሰን። ኣሚን።