ከብራሴሮዎቹ እስከ ልጅ ልጆቻቸው

ሜክሲኳውያን ሠራተኞችን በጊዜያዊ ውል ወደ አሜሪካ ባስገባውና እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1964 በዘለቀው የ«ብራሴሮ» መርሐ ግብር ከ4 ሚሊዮን በላይ የሥራ ውሎች ተፈርመዋል። ሜክሲኳውያን ገበሬዎች የካሊፎርኒያን አትክልትና የቴክሳስን ጥጥ ለቀሙ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከደመወዛቸው 10 በመቶ «ለቁጠባ» ተብሎ ተቆርጦ ወደ ሜክሲኮ ባንኮች ተላከ። ብዙዎች ግን ገንዘቡን ሳያዩ አረጁ።

ውሉ ቢያበቃም እርሻው ሰው መፈለጉን አላቆመም። ሠራተኛውም ያለ ወረቀት መሻገሩን ቀጠለ። በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት ሕግ ለ2.7 ሚሊዮን ገደማ ስደተኞች የመኖሪያ ፈቃድ አስገኘ፤ አብዛኞቹ ሜክሲኳውያን ነበሩ። በዚያ ፈቃድ ቤተሰብ ሰበሰቡ፣ ልጅ አስተማሩ፣ ብዙዎችም ዜጋ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ በልጅነታቸው ያለ ወረቀት ወደ አሜሪካ የመጡት ይህን ዕድል አላገኙም።

በ2012 የተጀመረው «ዳካ» የተባለው መርሐ ግብር ከመካከላቸው ብዙዎቹን ከመባረር የሚጠብቃቸው በየሁለት ዓመቱ በሚታደስ ወረቀት ነው፤ ያም ቢሆን ከዓመት ዓመት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ይንከራተታል። ዛሬ ብዙዎቹ ራሳቸው ወላጆች ናቸው። አሜሪካ የተወለዱት ልጆቻቸው ዜጎች ሲሆኑ እናትና አባት ግን ቀጣዩን እድሳት ይጠባበቃሉ።

የሠራተኞችን ጉልበት ሲፈልግ በሩን የከፈተ አገር፣ ያሳደጋቸውን ልጆች በጊዜያዊ ወረቀት ማንጠልጠሉ ፍትሕ አይደለም። ኮንግረስ በ1986 እንዳደረገው ሁሉ ቋሚ የመኖሪያ መብት በሕግ ሊደነግግላቸው ይገባል።