ጫማ የሰረቀው ልጅና የእኛ ጀመዓ



በሴሚስተሩ ዕረፍት ያነበብኩት መጽሐፍ የዲን መጽሐፍ አይደለም። ጄሰን ሬይኖልድስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ለታዳጊዎች ያሳተመው «ጎስት» የተሰኘ ልብ ወለድ ነው። እንግሊዝኛው ቀላል ስለሆነ ፍሬሽማን ተማሪም ብዙ ሳይቸገር ይጨርሰዋል። ስለ ሩጫ ነው ብዬ ጀመርኩት፤ ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነገር ሆነ።

ባለታሪኩ ካስል ክራንሾ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ራሱን «ጎስት» ብሎ ይጠራል። መሮጥ እንደሚችል ያወቀው ሜዳ ላይ አይደለም። አባቱ አንድ ሌሊት ሰክሮ በእሱና በእናቱ ላይ ሽጉጥ ተኮሰ። እናትና ልጅ እየሮጡ አመለጡ፤ የሰፈሩ ባለ ሱቅም ዕቃ ማስቀመጫ ክፍሉ ውስጥ ደበቃቸው። አባትየው ታሰረ። እናት ሆስፒታል ካፍቴሪያ እየሠራች ልጇን ታሳድጋለች። ከዓመታት በኋላ ጎስት የሩጫ ቡድን ሲለማመድ አየና ማንም ሳይጋብዘው ከጎን ገብቶ ሮጠ። አሠልጣኙ አየው፤ ቡድኑ ውስጥም አስገባው።

ችግሩ ጫማ ነው። ጎስት የሩጫ ጫማ የለውም፤ ለእናቱም መንገር አልፈለገም። ያለውን ረጅም ጫማ አንገቱን ቆርጦ አሳጠረው፤ ትምህርት ቤት ሳቁበት። በዚያው ቀን አንድ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ገብቶ ብርማ ቀለም ያለው የሩጫ ጫማ ሰረቀ። ከዚያ በኋላ በየልምምዱ በዚያ ጫማ ይሮጣል፤ እኛም የሚያነበውን ያህል እንሳቀቃለን። መጽሐፉን ወድጄዋለሁ የምለው ለዚህ ነው። ሌባውን እንድንጠላውም፣ ስርቆቱን እንድንረሳውም አይፈቅድልንም።

አሠልጣኙ በመጨረሻ አወቀ። ተቆጣ፤ ያውም በጣም። ግን ቡድኑን ሰብስቦ ልጁን አላዋረደውም። ብቻውን ይዞት ወደ ሱቁ ሄደና ላደረገው ነገር ሻጯ ፊት አቆመው። የራሱንም ታሪክ ነገረው። እሱም ያደገው በዚያው ሰፈር ነው፤ አባቱ የአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኛ ነበር፤ ልጁ በኦሎምፒክ ሮጦ ያመጣውን ሜዳሊያ እንኳ ለዕፅ ለወጠው።

ደራሲው ሙስሊም አይደለም፤ ይህን ሲጽፍም ፊቅህ አላሰበም። እኔ ግን ሳነበው የተውባ ደርሳችን ነው ትዝ ያለኝ። ኢማም ነወዊ እንዳስቀመጡት፣ ወንጀሉ የሰው ሐቅ ያለበት ከሆነ መጸጸት፣ መተውና ላለመመለስ መቁረጥ ብቻ አይበቃም፤ ሐቁ ለባለቤቱ መመለስ አለበት። ሱቁ ድረስ መሄዱ ይኸው ነው። ሌላው ደግሞ የሙስሊምን ነውር መሸፈን፣ ሲትር የምንለው ነው። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ማዒዝ የተባለው ሰው ዝሙቱን ሊናዘዝ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲመጣ ሂድ ብሎ የላከው ሀዛል ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ለሀዛል በልብሱ ሸፍኖት ቢሆን ይሻለው እንደነበር ነገሩት።

እኛስ? ዓመት ከምናምን በፊት በረመዳን ለኢፍጧር ካዋጣነው ገንዘብ 1,200 ብር ጎደለ። ማን እንደወሰደው ታወቀ፤ አንድ ሁለተኛ ዓመት ወንድማችን ነበር። እሱም አልካደም። በዚያው ምሽት ከተራዊሕ በኋላ ስሙ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ወጣ፤ ስልኩ እንኳ አልቀረም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። አማና ስለ መብላት ረጅም ምክር ጨምሬበት ነበር፤ ልብ የተሰጠው መልእክት ሆነ። ገንዘቡን በሦስት ቀን ውስጥ መለሰ። ከዚያ ወዲህ ግን ጁሙዓ ላይ ከእኛ ሰልፍ አላየነውም። ለምን እንደወሰደው ከመሃላችን የጠየቀው የለም። ዛሬም አላውቅም።

አንዳንድ ወንድሞች «ታዲያ ይድበስበስ ነው የምትለው?» ይሉኛል። አይደለም። ነወዊ የሶሒሕ ሙስሊምን ሐዲስ ሲያብራሩ፣ ሲትር የሚገባው በክፋት ለማይታወቅ ሰው እንደሆነ፣ ሰውን መጉዳት ልማዱ ያደረገው ግን ጉዳዩ ለሚመለከተው አካል መቅረብ እንዳለበት ጽፈዋል። እህቶቻችንን የሚያስቸግር፣ ዶርም ለዶርም እየዞረ ስልክ የሚሰርቅ ሰው ቢኖር «ሲትር» ብለን ዝም ማለታችን ተበዳዩን ሁለተኛ መበደል ነው። እንዲህ ያለውንም ቢሆን የምናቀርበው ሊወስን ለሚችል ሰው እንጂ ለአራት መቶ አባል ግሩፕ አይደለም። ግሩፑ ምን ይወስናል? ስክሪንሾት ያደርጋል፣ ያስተላልፋል፣ በቃ።

ቡኻሪ የዘገቡት የዐብደላህ ታሪክም አለ። በመጠጥ ተደጋግሞ የተቀጣ ሰው ነው። አንዱ ሶሐባ ሲረግመው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሉት፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ ተናገሩለት። ቅጣቱ አልቀረለትም። ከጀመዓው ግን አልወጣም። እኛ የእኛን ልጅ ሳንቀጣው አስወጣነው።

ስለዚህ ለዘንድሮው የጀመዓ ኮሚቴ የማቀርበው ነገር አለኝ። የገንዘብም ሆነ የሥነ ምግባር ጉዳይ ሲገጥመን ከአሚሩና ከአንድ ታላቅ ወንድም፣ ጉዳዩ የእህት ከሆነ ከአንዲት ታላቅ እህት በቀር ማንም አይስማው። ጉዳዩን የያዘው ሰው ከአጥፊው ጋር ሆኖ ሐቁን ባለቤቱ ዘንድ ያድርስ። ግሩፑ ላይ ስም የሚጽፍ አድሚን፣ እኔን ጨምሮ፣ አድሚንነቱ ይነሳ።

«ጎስት» የሚያበቃው ልጁ መነሻ መስመር ላይ ቆሞ የማስጀመሪያው ሽጉጥ ሲተኮስ ነው። ማን እንዳሸነፈ አይነገረንም። እኔ ደግሞ መልእክቱን ከግሩፑ ያጠፋሁት መጽሐፉን ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ እጅግ ዘግይቼ። ወንድማችን ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመት ነው፤ የሚያድርበትን ብሎክ አጠያይቄ አውቄያለሁ። ሐሙስ ከዐስር በኋላ ብቻዬን ሄጄ ዐፉ እንዲለኝ እጠይቀዋለሁ፤ ዱዓ አድርጉልኝ።