አጋፋሪው ምን ያስታውስ?

ግጥምና ወግ በሚነበብበት ገጽ ላይ ስለ ኮምፒውተር መስኮቶች መጻፍ፣ ሠርግ ቤት ገብቶ ስለ ዳሱ ምሰሶ እንደ ማውራት ሊቆጠር ይችላል። ይሁን እንጂ ምሰሶው ያዘመመ ዕለት ዘፈኑም ይቋረጣል። ዛሬ አብዛኞቻችን የምንጽፈው በመስኮት ውስጥ ነው። መስኮቱ የት እንደሚከፈት፣ ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ በየትኛው ፊደል እንደሚቀበለን የሚወስን አንድ የማይታይ አገልጋይ አለ። ስለዚህ አገልጋይ ትዝታ ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ።

ባለሙያዎች «የመስኮት አስተዳዳሪ» ይሉታል። እኔ ግን በቤታችን ያለው አሮጌ ቃል ይበልጥ የሚገልጠው ይመስለኛል፤ አጋፋሪ። በቀድሞው ዘመን በቤተ መንግሥት ግብር ሲገባ፣ እንግዳው የሚቀመጥበትን ስፍራ በራሱ ፈቃድ አይመርጥም ነበር። አጋፋሪው ማንነቱን አይቶ፣ ማዕረጉን አውቆ፣ ቦታውን ያመለክተዋል። ጥሩ አጋፋሪ ትናንት ማን የት እንደ ተቀመጠ አይረሳም። መጥፎ አጋፋሪ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ማንንም የማያስታውስ፣ ሌላው ደግሞ ማንም ሳያዝዘው ሁሉን የሚያስታውስ።

ይህ ንጽጽር ከእውነተኛው አሠራር የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተጀመረውና በ1987 በአሥራ አንደኛ ቅጂው የወጣው ኤክስ የተባለው የመስኮት ሥርዓት አንድ ብልህ ውሳኔ ወስኗል። በስክሪኑ ላይ የሚሥለው ክፍል አንድ፣ መስኮቶችን በየቦታቸው የሚያስቀምጠው ደግሞ ሌላ ፕሮግራም እንዲሆን አደረገ። ስለዚህ ቤቱ ሳይፈርስ አጋፋሪው ሊለወጥ ይችላል። በዚህም ምክንያት በሊኑክስ መንደር ብዙ አጋፋሪዎች ተነሡ፤ ዊንዶው ሜከር፣ ኤንላይተንመንት፣ ሶውፊሽ፣ ፍሉክስቦክስ፣ እንዲሁም የኬዲኢው ክዊን። በመልክም በጠባይም ይለያያሉ። ከልዩነታቸው ሁሉ ግን የእኔን ልብ የሚስበው የሚያስታውሱት ነገርና የሚያስታውሱበት መንገድ ነው።

ለማስታወስ አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። አጋፋሪው እንግዳውን በምን ያውቀዋል? በኤክስ ሥርዓት እያንዳንዱ መስኮት ሲመጣ ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። አንደኛው አርእስቱ ነው፤ በግንባሩ ላይ ተጽፎ የምናየው። ሁለተኛው ለዓይን የማይታይ ሲሆን ሁለት ቃላትን ይይዛል፤ የግል ስምና የመደብ ስም፣ በእኛ አነጋገር ስምና የቤተ ሰብ ስም እንደ ማለት። ፋየርፎክስ የተባለው የድረ ገጽ ማሰሻ ለረጅም ዘመን የመደብ ስሙን በራሱ ስም ሲያስጠራ፣ የግል ስሙን ግን «ናቪጌተር» ይል ነበር። ናቪጌተር የቅድመ አያቱ የኔትስኬፕ ማሰሻ ስም ነው። አያቱ ከሞተ በኋላ የልጅ ልጁ በር ላይ ቆሞ በአያቱ ስም ይጠራል ማለት ነው። የትውልድ ሐረግ መቁጠር ለለመደ ሰው ይህ ነገር ደስ ይላል።

ታዲያ አጋፋሪው በየትኛው ይመን? በአርእስት ቢያምን ችግር አለ። አርእስት እንደ ሰነዱ ይለዋወጣል፤ ዛሬ «ደብዳቤ»፣ ነገ «ምዕራፍ ሁለት» ይላል። የፕሮግራሙን ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የቀየረ ሰውም አርእስቱ ስለሚቀየር፣ በአርእስት ላይ የተመሠረተ ትዝታ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋበታል። የመደብ ስም ግን በትርጉም አይነካም፤ ልብሱ ቢለወጥ ሰውየው ያው ነው። ክዊን ይህን ስለሚያውቅ ምርጫውን ለባለቤቱ ይተወዋል፤ በመደብ፣ በአርእስት፣ በመስኮቱ ዓይነት፣ ስሙ ሙሉ በሙሉ ሲገጥም ወይም በከፊል ሲመሳሰል ብቻ እያለ መለየት ይቻላል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ደግሞ አስቀድመው መስኮት ይከፍቱና ስማቸውን ዘግይተው ይናገራሉ፤ አጋፋሪው በማያውቀው ስም ካስቀመጣቸው በኋላ። እንዲህ ያለውን እንግዳ ማስታወስ ለየትኛውም አገልጋይ ይቸግራል።

ከዚህ ቀጥሎ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ነገር ይመጣል፤ ትእዛዞቹ። በክዊን የመስኮት ደንብ የሚያወጣ ሰው ለእያንዳንዱ ጠባይ፣ ለቦታውም ለስፋቱም፣ ከስድስት ቃላት አንዱን ይመርጣል። «አትንካ» ካለ፣ በኋላ የሚመጣ ሌላ ደንብ ያንን ጠባይ እንዳይለውጥ ይከለክላል። «መጀመሪያ ላይ ተግብር» ካለ፣ መስኮቱ ሲከፈት ብቻ ቦታው ይሰጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ነጻ ነው። «አስታውስ» ካለ፣ መስኮቱ መጨረሻ ላይ የነበረበት ሁኔታ ተመዝግቦ በሚቀጥለው ጊዜ ይመለስለታል። «አስገድድ» ካለ፣ ባለቤቱ ራሱ እንኳ በመዳፊት ሊያንቀሳቅሰው አይችልም። የቀሩት ሁለቱ የአጭር ጊዜ ናቸው፤ «አሁን ተግብር» አንድ ጊዜ ፈጽሞ ይሰረዛል፣ «ለጊዜው አስገድድ» ደግሞ መስኮቱ እስኪሰወር ብቻ ይቆያል።

አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ቃላት እንደ ቴክኒክ ቃላት ብቻ አትለፋቸው። «አስታውስ» እና «አስገድድ» መካከል ያለው ርቀት በትዝታና በሕግ መካከል ያለው ርቀት ነው። ትዝታ የሚከተለው ሰውን ነው፤ ዛሬ ወንበሬን ወደ መስኮቱ ብስበው፣ ነገ እዚያው ያቆየኛል። ሕግ ግን እኔ በተለወጥሁ ጊዜም አይለወጥም። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ሲፈልግ ሁለተኛውን ይመርጥና፣ መስኮቱ አልንቀሳቀስ ሲለው ኮምፒውተሩ ተበላሸ ይላል። የተበላሸ ነገር የለም፤ ትዝታ የጠየቀ መስሎት አዋጅ አስነግሯል።

ይህን ሁሉ ዝርዝር የሚቃወሙ ብልህ ሰዎች መኖራቸውን መካድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በግኖም ዙሪያ የተሰባሰቡ ሠሪዎች ተቃራኒውን መንገድ ያዙ። ሜታሲቲ የተባለውን የመስኮት አስተዳዳሪ የጻፈው ሃቮክ ፔኒንግተን፣ ሥራው ለአዋቂዎች የተዘጋጀ አሰልቺ ነገር እንደሆነ በራሱ መግለጫ ላይ በቀልድ አስፍሯል። መከራከሪያቸው ቀላል አልነበረም። እያንዳንዱ ምርጫ ዋጋ አለው፤ መፈተን አለበት፣ ከሌሎቹ ምርጫዎች ጋር ይጋጫል፣ ተጠቃሚውን ያደናግራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሠሪው መልካሙን አስቦ እንዳያገኝ የስንፍና መሸሸጊያ ይሆነዋል፤ «ይህ ካልተመቸህ ቀይረው» ብሎ ይገላገላልና። ሶውፊሽ ለእያንዳንዱ መስኮት የሚያስታውሰው ረጅም ዝርዝር ነበረው፤ ሜታሲቲ ሲተካው ዝርዝሩ አብሮ ቀረ።

የመከራከሪያውን ክብደት እቀበላለሁ፤ መደምደሚያውን ግን አልቀበልም። ምክንያቴን ታሪኩ ራሱ ይናገረዋል። ሜታሲቲ የዘጋውን በር ለመክፈት ሮስ በርተን ዴቪልስ ፓይ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ፤ ሥራውም መስኮቶችን እየለየ የታዘዘላቸውን ቦታና መልክ መስጠት ነበር። ዛሬም ግኖም በራሱ ተጨማሪ ክፍሎች መካከል ፕሮግራሞችን ወደ ተወሰነላቸው የሥራ ገጽ የሚወስድ አንድ ክፍል ይዟል። ፍላጎቱ በዋናው በር ቢባረር በጓሮ ይመለሳል። ደግሞስ «አስታውስ» ማለት በእርግጥ ምርጫ ነውን? ምርጫ ማለት ሰው ተቀምጦ ከረጅም ዝርዝር ውስጥ የሚለቅመው ነው። ትዝታ ግን ሰው በሥራው ላይ ሳለ በእጁ ካደረገው ነገር የሚወለድ ነው። በፍሉክስቦክስ ከመስኮቱ ግንባር ላይ ሜኑ ከፍቶ «አስታውስ» የሚለውን፣ ከዚያም ቦታውን ወይም ስፋቱን መምረጥ ብቻ ይበቃ ነበር። ይህ ማንንም አያደናግርም።

ሁለተኛው ጥያቄ ትዝታው በማን እጅ ይሁን የሚለው ነው። በዊንዶውስ ልማዱ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ቦታ ራሱ መዝግቦ ራሱ መመለሱ ነው። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አንዱ ያስታውሳል፣ ሌላው ይረሳል፣ ሦስተኛው ደግሞ ትናንት በተነቀለው ሁለተኛ ሞኒተር ላይ ተከፍቶ ከዓይን ይሰወራል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ዊንዶውስ 11 ላይ መስኮቶች በሞኒተሩ ግንኙነት መሠረት ቦታቸውን እንዲያስታውሱ የሚያደርግ ምርጫ መጨመሩ፣ ነገሩ ለእንግዶቹ ብቻ መተው እንደሌለበት ያሳያል። በሊኑክስ በኩል ደግሞ ክርስቲያን ሆግስበርግ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ዌይላንድ ከዚህ የጠነከረ ሥርዓት ይዟል። በዌይላንድ ተራው ፕሮግራም መስኮቱ በስክሪኑ ላይ የት እንዳለ አይነገረውም፤ በዚያ ወይም በዚህ አስቀምጡኝ ብሎም ማዘዝ አይችልም። እንግዳው ዓይኑ ተሸፍኖ ይገባል። በእኔ አስተያየት ይህ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዕዳ ያመጣል። እንግዳው ቦታውን እንዳያውቅ ከተከለከለ፣ አጋፋሪው የማስታወስ ግዴታ አለበት። ሥልጣኑን ወስዶ ግዴታውን መተው ፍርደ ገምድልነት ነው።

እስካሁን ያልነው ለዓለም ጸሐፊ ሁሉ የሚሆን ነው። ለአማርኛ ጸሐፊ ግን ከቦታና ከስፋት የሚበልጥ ትዝታ አለ፤ የፊደል ትዝታ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ በማንኛውም መስኮት አማርኛ መጻፍ እንችላለን። ነገር ግን ሁለት ፊደል ይዘን የምንኖር ነን። ድርሰቱ በአማርኛ፣ የድረ ገጹ አድራሻ በላቲን፣ ከወዳጅ ጋር የሚደረገው ወግ በአማርኛ፣ የይለፍ ቃሉ በላቲን ነው። ኪቦርዱ ለሁሉም መስኮት አንድ ዓይነት ሁኔታ ብቻ ከያዘ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገርን ቁጥር መቀየር አለብን። ስንረሳ ደግሞ «ሰላም» ለማለት የጀመርነው ቃል በላቲን ፊደላት ተበትኖ እናገኘዋለን። አጥፍተን ፊደሉን ቀይረን እስክንመለስ ድረስ፣ በአፋችን ላይ የነበረው ሐረግ ግማሹ በኗል።

መድኃኒቱ ከተገኘ ቆይቷል። ኬዲኢ የኪቦርዱን ሁኔታ ለኮምፒውተሩ በሙሉ፣ ለእያንዳንዱ ዴስክቶፕ፣ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ወይም ለእያንዳንዱ መስኮት ለይቶ እንዲይዝ ማዘዝ ይቻላል። ግኖምና ዊንዶውስም ለእያንዳንዱ መስኮት የተለየ የመጻፊያ ቋንቋ የሚፈቅድ ምርጫ አላቸው፤ የአፕል ማክም ወደ ሰነዱ ቋንቋ በራሱ እንዲመለስ ሊታዘዝ ይችላል። ይሁን እንጂ ምርጫው በማስተካከያዎች ጥልቅ ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ስለሆነ፣ የሚያስፈልገው ሰው መኖሩን ሳያውቅ ዓመታት ያልፉበታል። ብዙውን ጊዜም መስኮቱ ሲዘጋ ትዝታው አብሮ ይዘጋል። በአንድ ፊደል ብቻ ለሚጽፍ ሠሪ ይህ ኢምንት ነገር ነው። ለእኛ ግን በየዕለቱ ስንት ጊዜ እንደሚያደናቅፈን የምናውቀው እኛው ነን። የባሰው ጉዳት ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመጣው ነው፤ መቀያየሩ የሰለቸው ሰው ፊደሉን ትቶ አማርኛውን በላቲን መጻፍ ይጀምራል። አንድ ያልበራ ምርጫ አንድን ጸሐፊ ከፊደሉ ሊያርቀው ይችላል።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው። አንደኛ፣ ቦታንና ስፋትን የማስታወስ ሥራ የአጋፋሪው ይሁን፤ ለየፕሮግራሙ በጎ ፈቃድ አይተው። ሁለተኛ፣ ትዝታው በባለቤቱ ቃል ይጀምር፤ ሁሉን በራሱ የሚመዘግብ አጋፋሪ አገልጋይነቱን ትቶ ሰላይ ይሆናል። በአርእስት የተያዘ ትዝታ የሰነዱን ስም ጭምር ይዞ እንደሚቀር መዘንጋት የለበትም፤ አንድ ኮምፒውተር ለብዙዎች በሚያገለግልበት ቤት ደግሞ የአንዱ ትዝታ የሌላው ወሬ ይሆናል። ሦስተኛ፣ የተመዘገበው ሁሉ የሚነበብና የሚሰረዝ ይሁን። ፍሉክስቦክስም ክዊንም ትዝታቸውን ማንም ከፍቶ ሊያነበው በሚችል ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ማስቀመጣቸው ሊመሰገን የሚገባው ልማድ ነው። አራተኛ፣ ሁለት ፊደል ያለው የኪቦርድ ዝርዝር ያዘጋጀ ሰው፣ ለየመስኮቱ ፊደሉ ይታወስለት እንደሆነ ያኔውኑ ይጠየቅ። አንድ ጥያቄ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠየቅ።

ይህን መጠየቅ ቅንጦት የሚመስለው ካለ፣ ጸሐፊ ከሥራው ጋር ያለውን ግንኙነት ያስብ። ቀለሙና ብራናው ሁልጊዜ በሚያውቀው ስፍራ የሚቀመጡለት ሰው እጁን ሲዘረጋ አይፈልግም፤ ሐሳቡ አይቋረጥበትም። መስኮቶቻችንም እንዲሁ ሊሆኑልን ይገባል። ግጥም የሚጻፍበት መስኮት በግዕዝ ፊደል፣ በለመድነው ስፍራ፣ በለመድነው ስፋት ይከፈትልን። ሌላው ሁሉ የእኛ ድርሻ ነው።