ሽምደዳን የሚወልደው ማስታወሻው አይደለም

ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት በተነሳ ቁጥር፣ በመምህራን ሥልጠናም ሆነ በወላጆች ስብሰባ፣ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አቋም አለ። የአንድን ምዕራፍ ዋና ዋና ዕውቀትና ቃላት በአጭር ማስታወሻ ጠቅልሎ ለልጆች መስጠት ሽምደዳን ያስፋፋል፤ ልጁ መጠየቁንና መመራመሩን ትቶ የተዘጋጀ መልስ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ማስታወሻው ተማሪ ተኮር በሆነ ክፍል ውስጥ ቦታ ሊኖረው አይገባም የሚል ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር ፈቺ ዜጋ ማፍራትን ዓላማው ካደረገ ወዲህ ይህ አቋም በትምህርት ባለሙያዎች ዘንድ ያለ ክርክር የሚያልፍ ሆኗል።

አቋሙ ከሜዳ የተነሳ አይደለም። መምህሩ ሰሌዳውን ሞልቶ የሚጽፍበት፣ ተማሪው አንገቱን ደፍቶ የሚገለብጥበት፣ ደወል ሲደወል ሁለቱም የተማሩና ያስተማሩ የሚመስላቸው ክፍል ብዙ ነው። ነገር ግን ጥፋቱን ማስታወሻው ላይ መጣል አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ጥፋቱ ያለው ማስታወሻው በተዘጋጀበትና ጥቅም ላይ በዋለበት መንገድ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚህም አልፎ አንድ ነገር ይላል፤ የተመረጠ ዕውቀትና ቃል በቃሉ ያልያዘ ልጅ እንዲመራመር መጠየቅ፣ መነሻ ሳይሰጡ ውጤት መጠበቅ ነው።

ሽምደዳ ሲወገዝ ጣት የሚቀሰረው ወደ አብነት ትምህርት ቤት ነው። ልጁ የማያውቀውን ግዕዝ ዳዊት እስኪደግም ድረስ ማነብነቡን በተመለከተ ወቀሳው ተገቢ ሊሆን ይችላል። የቅኔ ቤቱ ታሪክ ግን ሌላ ነው። በዋሸራም ሆነ በዋድላ፣ በጎንጅም ቢሆን፣ ተማሪው አስቀድሞ የግዕዝ ግስ ያጠናል፤ የግሱን አረባብ፣ እርባ ቅምሩን፣ ይይዛል። ከዚያ ከአጭሩ የቅኔ ዓይነት፣ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ለየኔታ ያሰማል፤ የኔታም ያርሙታል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። በአገራችን ከፍተኛ ፈጠራ የሚጠይቀው ትምህርት የቆመው በቃል በተያዘ ግስ ላይ ነው ማለት ነው። ግስ ያልያዘ ተማሪ ምንም ያህል አእምሮው ብሩህ ቢሆን ሰምና ወርቅ ሊያስማማ አይችልም። እዚያ ቤት ማስታወስና መፍጠር ሲጣሉ ታይተው አይታወቅም።

የዘመኑ ጥናትም ከዚህ የራቀ አይናገርም። ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ 64 የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚተርክ ጽሑፍ አስነበቡ። በንባብ ችሎታቸው ደካማ ሆነው ጨዋታውን የሚያውቁት ልጆች፣ ጎበዝ አንባቢ ሆነው ጨዋታውን ከማያውቁት ይልቅ ያነበቡትን ተረዱ፤ አስታወሱም። የንባብ ክህሎት ብቻውን በሁሉም ጽሑፍ ላይ የሚሠራ ቁልፍ አይደለም፤ ስለሚነበበው ነገር ቀድሞ የሚታወቅ ነገር ያስፈልጋል። «ዕውቀት መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ልጁ ፈልጎ ያግኘው» የሚለው ምክር ልጁ መጽሐፉን እንዲረዳ የሚያስፈልገው ያው ዕውቀት መሆኑን ይዘነጋል።

የቃላቱ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። የትምህርት ቃላት ብዙዎቹ ልጁ በሰፈር የሚያውቃቸው ሆነው በክፍል ውስጥ ሌላ ነገር ይላሉ። ሱቅ ተልኮ ሁለት ኪሎ ስኳር የገዛ ልጅ ኪሎው የስኳሩ «ክብደት» መሆኑን ያውቃል። ሳይንስ መምህሩ ግን በኪሎ ግራም የሚለካው መጠነ ቁስ ነው፣ ክብደት የሚለካው በኒውተን ነው ይሉታል። «ይዘት» በሰፈር በአንድ ነገር ውስጥ ያለው ማለት ነበር፤ በክፍል አንድ ቁስ የሚይዘው ቦታ ሆነ። ሙቀትና መጠነ ሙቀትም እንዲሁ። ይህን ልዩነት በቡድን ውይይት ብቻ ደርሶበት የሚወጣ የአሥር ዓመት ልጅ አይኖርም፤ ሊቃውንቱን ራሳቸውን ዘመናት የፈጀባቸው ልዩነት ነውና። ቁርጥ ባለ ቃል ሊነገረው፣ በምሳሌ ሊብራራለት፣ ደጋግሞም ሊጠየቅ ይገባል። በአዲስ አበባ ደግሞ እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ የተማረው ልጅ ሰባተኛ ክፍል ሲገባ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሆናል። ትነትን በአማርኛ አጥርቶ ያወቀ ልጅ «ኢቫፖሬሽን» ሲባል የሚጨምረው ስም ብቻ ነው። ያላወቀው ግን ስሙንም ነገሩንም በአንድ ጊዜ ይሸከማል።

ተቃዋሚዎቹ ትክክል የሚሆኑበት ቦታ አለ፤ እሱን መሸፋፈን አያስፈልግም። ፈተና ሲቃረብ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚባዛው ማስታወሻ አብዛኛውን ጊዜ መጥፎ ነው። መጥፎ ያደረገው ግን ማጠሩ ሳይሆን ሲያጥር የጣለው ነገር ነው። «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» የሚለውን እንውሰድ። ዓረፍተ ነገሩ እውነት የሚሆነው «በባሕር ጠለል ላይ» የሚለው ሲጨመርበት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማስታወሻው ሦስት ቃል ለመቆጠብ ሲል ልጁ በገዛ እናቱ ጀበና ላይ የማይሠራ ሕግ አስጨበጠው። ሐረጉ ባይጣል ኖሮ ግን «ለምን?» የሚል ጥያቄ በራሱ ይመጣ ነበር፤ ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት እንደሚቀንስ፣ ባቄላ ደጋ ላይ ለመብሰል ለምን እንደሚዘገይ ለማስረዳት በር ይከፍት ነበር። የራስ ዳሸንም ነገር እንዲሁ ነው። 4,620 ሜትር የሚለው አሮጌ ቁጥር በኋላ በተደረጉ ልኬቶች ወደ 4,550 ገደማ ዝቅ ብሏል፤ ከማስታወሻ ወደ ማስታወሻ የሚገለብጥ ሰው ግን አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል። እነዚህ ስህተቶች የሚያሳዩት ማጠቃለል ከባድ ሙያ መሆኑን ነው። ምን እንደሚቀርና ምን እንደማይቀር የሚለየው ትምህርቱን የጠለቀ ሰው ብቻ ነው።

እንግዲህ ደህና ማስታወሻ ምን ይመስላል? ስለ ውሃ ዑደት የሚዘጋጅ አንድ ገጽ እንይ። ከስምንት ወይም ከአሥር የማይበልጡ ቃላት ይይዛል፦ ትነት፣ ደመና፣ ዝናብ፣ ስርገት፣ የከርሰ ምድር ውሃ፣ ተፋሰስ የመሳሰሉትን። እያንዳንዱ ቃል በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይፈታል፤ ልጁ ከሚያውቀው ነገር አንድ ምሳሌም ይከተለዋል። መሐል ላይ ሥዕል አለ፤ ቀስቶቹ ስም የላቸውም፤ ስማቸውን የሚጽፈው ልጁ ነው። ግርጌ ላይ መልሳቸው በገጹ ላይ የማይገኝ ሁለት ጥያቄዎች ይቀመጣሉ። ለምሳሌ፣ ክረምት ካለፈ ከወራት በኋላ የጉድጓዱ ውሃ ከየት ይመጣል? የሚል። ለዚህ ጥያቄ ስርገትን ያላወቀ መልስ የለውም፤ ቃሉን ብቻ የሸመደደም መልስ የለውም።

አጠቃቀሙም ከአዘገጃጀቱ አያንስም። ገጹ መሰጠት ያለበት ምዕራፉ ሲጀመር ነው እንጂ ለፈተና ዋዜማ አይደለም። ከዚያ በኋላ ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ትርጉሙን ከአእምሮው ይጽፋል፤ ይገልጣል፤ ያመሳክራል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ጽሑፍ አንብበው ከአእምሯቸው አውጥተው ለመጻፍ የሞከሩ ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ 56 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ላይ ቀርተዋል። ከሰሌዳ መገልበጥ ደግሞ መልሶ የማንበብን ያህል እንኳ አእምሮን አያሠራም፤ እጅ ይደክማል እንጂ። በእንግሊዝ አገር ባለፉት አሥር ዓመታት «ኖሌጅ ኦርጋናይዘር» በሚል ስም የተስፋፋው የአንድ ገጽ ማጠቃለያም ዕጣው ይኸው ነው። መምህሩ በየጊዜው የሚጠይቅበት ትምህርት ቤት ይጠቀምበታል፤ ሌላው ደብተር ላይ ለጥፎ ይረሳዋል።

ይህ ሁሉ ገደብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ማንበብ ለማይችል ልጅ የታተመ ማጠቃለያ መስጠት ከንቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ቃላቱ በአፍ፣ በተረትና በዜማ ይሰጡ፤ ገጹ ልጁ ንባብ ሲያቀና ይምጣ።

የቀረው የፍትሕ ጥያቄ ነው። ማስታወሻው ከክፍል ቢወገድ ከየቤቱ አይወገድም። አስጠኚ የተቀጠረለት ልጅ የተመረጠውንና የታረመውን ማጠቃለያ ያገኛል። ከአምስት ጓደኞቹ ጋር አንድ መጽሐፍ የሚጋራው ልጅ ግን የፎቶ ኮፒ ቤቱ ስህተት ይደርሰዋል፤ እሱንም ገንዘብ ካለው። ስለዚህ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች አጭር ማስታወሻን ማውገዙን ትተው አዘገጃጀቱን እንደ አንድ ሙያ ያስተምሩ። የትምህርት ቢሮዎችም ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር በየምዕራፉ የታረመ አንድ ገጽ ያሳትሙ፤ ለሁሉም ልጅ፣ በነጻ።