«ልጄ ብስክሌት ልንዳ ትለኛለች፤ ምን ልበላት?»

በዚህ ሳምንት በአምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ከጨፋ ሮቢት የደረሰን የአንዲት እናት ጥያቄ ነው። ጠያቂያችን በቢሮ ሥራ የሚተዳደሩ፣ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ እናት ናቸው። ለበኩር ልጃቸው አጎቱ ከሁለት ዓመት በፊት ብስክሌት ገዝቶለት ነበር። ልጁ ጥቂት ጊዜ ከነዳው በኋላ ሰለቸውና ግድግዳ አስደግፎ ተወው። ታናሽ እኅቱ ግን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስትሆን፣ ከውሃ መልስና ከጥናት በተረፋት ሰዓት ከቤት ጀርባ እየወደቀችና እየተነሣች መንዳቱን ለመደችው። አሁን ደግሞ ወንድሟ ሌላ ብስክሌት ተውሶ አብሯት እንዲሄድ ተስማምተው፣ በአንድ የዕረፍት ቀን እስከ ከሚሴ ሄዳ፣ አክስቷን ጠይቃ፣ በዚያው ዕለት ለመመለስ ፈቃድ ጠይቃለች።

እናት «አይሆንም» አሉ። ልጅቱም «እማዬ፣ ወንድሜ ሲሄድ መቼ ፈቃድ ጠይቆሽ ያውቃል?» አለቻቸው። አባት በበኩላቸው «የሴት ልጅ ነገር ያንቺ ነው» ብለው ነገሩን ለእናት ትተዋል። «ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። እንቢ ያልኩበትን ምክንያት ለራሴም አጥርቼ መናገር አቃተኝ» ይላሉ ጠያቂያችን።

የዚህ ዓይነቱ ችግር የጨፋ ሮቢቷ እናት ብቻ አይደለም። በብዙ ከተሞች ያሉ እናቶችም ይኸው ጥያቄ ይገጥማቸዋል። የጠያቂያችንን ደብዳቤ ደግመን ስናነበው ሦስት ፍርሃቶች አንድ ላይ ተደባልቀው እናገኛለን። አንደኛው «ሰው ምን ይላል» የሚለው ነው። ሁለተኛው በደብዳቤው መጨረሻ በአንድ መስመር ብቻ የጠቀሱት የልጅቱ ድንግልና ነው። ሦስተኛው መንገዱ ነው። ሦስቱ ሲደባለቁ አንድ መልስ ብቻ ይወልዳሉ፤ እርሱም እንቢታ ነው። ስለዚህ ለየብቻ ብናያቸው ይሻላል።

ሰው ምን ይላል?

ሴት ብስክሌት ላይ ስትወጣ ሰው ማውራቱ በእኛ አገር አልተጀመረም። ሁለት እኩል ጎማዎች ያሉትና በካቴና የሚሽከረከረው የዛሬው ዓይነት ብስክሌት በእንግሊዝ አገር በ1885 እ.ኤ.አ. ወጣ። በ1888 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአየር የሚነፋው ጎማ ተሠራለት። ከዚያ በኋላ የአውሮፓና የአሜሪካ ሴቶች በብዛት መንዳት ሲጀምሩ፣ ፊታቸው ይበላሻል፣ ማኅፀናቸው ይጎዳል፣ ባሕርያቸው ይለወጣል የሚሉ ሰዎች ተነሡ። ከእነዚህም መካከል ሐኪሞች ነበሩበት። ሴቶቹ ግን መንዳታቸውን ቀጠሉ፤ የተባለውም ሁሉ ሐሰት ሆኖ ቀረ። በ1894 እ.ኤ.አ. አኒ ኮፕቾቭስኪ የተባለች የሦስት ልጆች እናት ከአሜሪካ ከቦስተን ከተማ ብስክሌቷን ይዛ ተነሣች። በየብስ በብስክሌትና በባቡር፣ በባሕርም በመርከብ ዓለምን ዞራ በ1895 እ.ኤ.አ. ወደ አገሯ ተመልሳለች።

በዚያው በ1894 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በበርሚንግሃም ከተማ በአንድ የሶሻሊስት ጋዜጣ ስም የተሰየመ «ክላሪዮን» የሚባል የብስክሌት ክበብ ተመሠረተ። ሳምንቱን ሙሉ በጭስና በጩኸት መካከል የሚውሉ ሠራተኞች፣ ሴቶችም ጭምር፣ በዕረፍት ቀናቸው ወደ ገጠር ወጥተው በጠባብ መንገዶችና በኮረብታዎች መካከል ሲነዱ ይውሉ ነበር። ለሠራተኛው የአንድ ቀን ንጹሕ አየር ማግኘት ትልቅ ነገር ነበርና።

ከዚሁ አገር የወጣችውን የቤሪል በርተንን ታሪክ ደግሞ ሠራተኛ እናቶች ቢያውቁት ጥሩ ነው። ቤሪል በልጅነቷ በሕመም ምክንያት ብዙ ወራት ሆስፒታል ተኝታለች። አድጋ በእርሻ ቦታ በጉልበት ሥራ ትሠራ ነበር፤ ልጅም ወልዳለች። በ1967 እ.ኤ.አ. በተደረገ የ12 ሰዓት ውድድር ወደ 446 ኪሎ ሜትር ነድታ፣ በዕለቱ ከተወዳደሩት ወንዶች ሁሉ በለጠች። ይህ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ካለው መንገድ ይበልጣል። ከወንዶቹ ዋነኛውን ተወዳዳሪ ስታልፈው ከኪሷ ከረሜላ አውጥታ እንደሰጠችው እስከ ዛሬ ይወራል። ያስመዘገበችውም ርቀት ለሃምሳ ዓመት የሴቶች ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቷል።

በአገራችንም ብስክሌት እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባን የመሳሰሉ ብስክሌተኞችን ልካ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ደግሞ ሰላም አምሃ የተባለች ወጣት አገሯን ወክላ በሴቶች የብስክሌት ውድድር ተሰልፋለች። በባሕር ዳር ከተማም ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ ማየት የተለመደ ነው። ባሕር ዳር ያለው ሰው ያላወራበትን ነገር የጨፋ ሮቢት ሰው ሊለምደው የማይችልበት ምክንያት የለም። መጀመሪያ ጥቂት ይወራል፤ ከዚያ ይለመዳል።

ስለ ድንግልና

ይህን ጉዳይ በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ብዙ እናቶች ለልጆቻቸው ብስክሌት የሚከለክሉት በዚህ የተነሣ ነውና፤ ይሁን እንጂ ምክንያቱን ለልጅቱ አይነግሯትም። ልጅቱ ግን የተጠረጠረች ይመስላታል።

ድንግልና እየተባለ የሚጠራው ስስ ሽፋን ከሴት ሴት በመልኩም በስፋቱም ይለያያል። በሩጫ፣ በስፖርት ወይም በሌላ እንቅስቃሴ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ማንም ሐኪም እርሱን አይቶ አንዲት ልጃገረድ ከወንድ ጋር መገናኘቷን ወይም አለመገናኘቷን በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም። የዓለም የጤና ድርጅት ከተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶችና የሴቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆኖ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የድንግልና ምርመራ የሚባለው ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ገልጾ እንዲቆም ጠይቋል። የልጅቱ ክብር ያለው በጠባይዋና በምግባሯ ነው፤ ብስክሌት ደግሞ ይህን አይወስድባትም።

በእርግጥ ለአካሏ መጠንቀቅ ይገባል። የብስክሌቱ መቀመጫ ለወንድሟ ቁመት እንደ ተስተካከለ ከሆነ ይልጣታል፤ ያማታልም። መቀመጫው የሚስተካከለው ተቀምጣ አንዱን ፔዳል እስከ ታች ስትረግጥ ጉልበቷ ጥቂት ብቻ እጥፍ እስኪል ድረስ ነው። በወር አበባዋም ጊዜ ሕመም ከሌለባት ብትነዳ ጉዳት የለውም። ክፉኛ ወድቃ ሕመም ወይም መድማት ቢገጥማት ግን ሳያፍሩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

ስለ መንገዱ

ሦስተኛው ፍርሃት ከሁለቱ የተለየ ነው፤ እውነተኛ ነውና። ከጨፋ ሮቢት ወደ ከሚሴ የሚወስደው መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው አውራ ጎዳና ነው። ሲኖትራኩ፣ አይሱዙው፣ ሚኒባሱና ባጃጁ ይተላለፉበታል። አካባቢውም ብዙ አይቷል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ በደረሰው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ ቤት ንብረትም ተቃጥሏል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ከሚሴ ደርሶ ነበር። ይህን ያየች እናት ልጇን ወደ አውራ ጎዳና ለመላክ ብታመነታ የሚነቅፋት ሊኖር አይገባም።

ስለሆነም ለጉዞው የመጀመሪያው ቅድመ ሁኔታ የዕለቱ ሰላም ነው። ከዋዜማው ምሽት ከሾፌሮች፣ ከገበያ ተመላሾችና ከቀበሌ ሰዎች የመንገዱን ወሬ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥርጣሬ ካለ ጉዞው ይቅር፤ ለሌላ ሳምንት ይተላለፍ። ይህ እንቢታ ግን ለወንዱም ለሴቷም እኩል መሆን አለበት። መንገዱ ለእርሷ አደገኛ ከሆነ ለወንድሟም አደገኛ ነው።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ግን እንዲህ ያለ ለብስክሌት የሚመች አገር ጥቂት ነው። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል የሚወጣ ብስክሌተኛ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማ በር ይጋፈጣል። የጨፋ ሜዳ ግን በአብዛኛው የተዘረጋ ነው። ጀማሪ ሰው በሜዳ ላይ ሳይቸኩል በሰዓት ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል።

ጉዞው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቢጀመር ጥሩ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ከባድ መኪናውም ገና አልበዛም። ወደ ሰሜን ሲነዳ የማለዳዋ ፀሐይ በስተቀኝ ትወጣለች፤ በስተግራ በርቀት ወደ ደጋው የሚያወጣው የተራራ ሰንሰለት ይታያል። ከደሴ አካባቢ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል የሚወርደው ቦርከና ወንዝ ይህንን ሜዳ ያጠጣዋል፤ ረግረጉም በወፍ የተሞላ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ማሽላው ቁመት አውጥቶ ይቆያል። በበጋ ደግሞ ሣሩን ፍለጋ ከአፋር በኩል ሳይቀር ከብትና ግመል እየተነዳ ይመጣል። በዚያች ሜዳ ያደገች ልጅ ይህን ሁሉ በሚኒባስ መስኮት ብቻ አይታ መቅረት የለባትም።

ከመነሣቷ በፊት ልታሟላቸው የሚገቡ ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ብስክሌቱ ከዋዜማው ለጎሚስታ ይታይ። የሁለቱም ጎማ ፍሬን መያዙ፣ ካቴናው ዘይት መቀባቱ፣ ጎማው መነፋቱ ይረጋገጥ። መንፊያና የጎማ መለጠፊያ ይያዝ። ልጅቱም ጎማ መለጠፍን ራሷ ትማር፤ ወንድሟን መጠበቅ የለባትም።

ሁለተኛ፣ ልብሷ ሰፊና የሚመች ይሁን። ረጅም ቀሚስ ለብሳ ብትነዳ ከሥሩ ሱሪ ታድርግ፤ የቀሚሱን ጫፍም ከካቴናው ርቆ እንዲያዝ ታስረው። ሻሽም ሆነ ሒጃብ ጫፉ ወደ ውስጥ ተወትፎ ይታሰር። ነጠላ ለብሶ መንዳት ግን አይገባም፤ ጫፉ ጎማው ውስጥ ከገባ ይጥላታል። የራስ ቁር ከተገኘ መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ አገሩ ቆላ ስለሆነ ለአንድ ሰዓት ጉዞ ቢያንስ ግማሽ ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ውሃው ከቤት ይያዝ፤ ከወንዝ አይጠጣ። በሶ፣ ቆሎ ወይም ሙዝ ለስንቅ ይበቃል።

አራተኛ፣ በመንገዱ ቀኝ ጠርዝ አንዱ ከሌላው ኋላ ሆነው ይንዱ፤ ጎን ለጎን ሆኖ ማውራት አይገባም። ከባድ መኪና ሲያልፍ ነፋሱ ስለሚያንገዋልል መሪውን አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል። ከብት ወይም ግመል ሲያጋጥም ወርዶ ብስክሌቱን እየገፉ ማለፍ ነው። ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን ብቻ በድንገት መጨበጥ ይገለብጣል።

አምስተኛ፣ እኩለ ቀኑን በአክስቷ ቤት በጥላ ታሳልፈው፤ ሐሩሩ ከበረደ በኋላ ትመለስ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን ቤት መድረስ አለባት። ካልሆነላት ከአክስቷ ቤት ትደር፤ ወይም ብስክሌቷን ሚኒባስ ላይ አስጭና ትመለስ። ይህም እንደ ሽንፈት ሊታይባት አይገባም።

ለጠያቂያችን የምንሰጠው ምክር

እንግዲህ ለጠያቂያችን ምክራችን ይህ ነው። ለልጅዎ «ሴት ነሽና አይሆንም» አይበሏት። «መንገዱን አብረን እንይ» ይበሏት። የመጀመሪያውን የዕረፍት ቀን ግማሽ መንገድ ብቻ ሄደው ይመለሱ። ያ በደህና ከተፈጸመ፣ በሚቀጥለው እስከ ከሚሴ ይሂዱ። በዚያም ቀን አክስትየው ደርሰዋል ብለው በስልክ ያሳውቁዎት። ልጅቱ በሄደችበት ቀን ውሃ የሚቀዳው ሰው ደግሞ ከአሁኑ ይወሰን። አባት «የሴት ልጅ ነገር ያንቺ ነው» ማለታቸውን ትተው እርሳቸውም በጉዳዩ ይግቡበት፤ ፍሬኑን መፈተሽ ለእርሳቸው ቢሰጥ አይከብዳቸውም።

ልጅዎ ፈቃድ መጠየቋንም እንደ ድፍረት አይቁጠሩባት። ሳትጠይቅ ልትሄድ ትችል ነበር፤ ጠይቃ ሦስት ሌሊት መልስዎን ጠበቀች። እንዲህ ያለች ልጅ የምትታመን ናት። በእርግጥ በተመሳሳይ ጉዳይ የሚጨነቁ እናቶች ብዙ ናቸውና፣ ልጅዎ በደህና ደርሳ ስትመለስ ቢጽፉልን ለሌሎቹም እናካፍላለን።