ሕክምናው ነፃ ሆኖ ወረቀቱ ስለምን ይከፈልበታል?

ከወልድያ ገበያ እስከ መርሳ መናኸሪያ፣ ከሲሪንቃ እስከ ውርጌሳ፣ እናቶች በተገናኙ ቁጥር ከሚያነሷቸው ቅሬታዎች አንዱ የጤና ጣቢያ ክፍያ ነው። አንዲት እናት ልጇን ስታስከትብ ሳንቲም አትጠየቅም። ያችው እናት ለመሥሪያ ቤቷ የምታቀርበው የሐኪም ማስረጃ ሲያስፈልጋት ግን ወደ ገንዘብ ቤት ትላካለች። ጤና ጣቢያው ያው፣ ሐኪሙም ያው ሆኖ ሳለ አንዱ በነፃ፣ ሌላው በክፍያ መሆኑ ግር ቢላት አያስደንቅም።

ነገሩ በጥቂት ብር ብቻ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ በዚህ አምድ ባላነሣነው ነበር። ዳሩ ግን ለአንድ ወረቀት የከፈለች እናት ወደ ሠፈሯ ተመልሳ «ጤና ጣቢያ ገንዘብ ይጠይቃል» ስትል፣ ይህን የሰማች ነፍሰ ጡር ጎረቤት ለምጥዋም የምትከፍል ይመስላትና ቤቷ ትቀራለች። ስለዚህ የቱ በነፃ፣ የቱ በክፍያ እንደሆነ፣ ክፍያውም ለምን እንደመጣ ለይቶ ማወቅ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የሚሰጠውን አገልግሎት በሦስት ከፍለን ብናየው ይቀለናል።

የመጀመሪያው ማንም ሰው፣ ድሃም ይሁን ሀብታም፣ በነፃ የሚያገኘው ነው። የእርግዝና ክትትል፣ የማዋለድና የድኅረ ወሊድ አገልግሎት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ እንዲሁም የኤች አይ ቪ ምርመራና መድኃኒት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ተላላፊ በሽታ በአንድ ሰው ላይ ካልታከመ ሠፈሩን ያዳርሳል፤ በገንዘብ እጦት የዘገየች ወላድም የራሷንና የልጇን ሕይወት ለአደጋ ታጋልጣለች።

ሁለተኛው የሌሎች ሕመሞች ሕክምና ነው። ለዚህ ታካሚው በታሪፉ መሠረት ይከፍላል፤ መክፈል የማይችል ሆኖ በቀበሌው የተመሰከረለት ወጪው ይሸፈንለታል። ከዚህም ሌላ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለ። ከእነዚያ ወረዳዎች አንዷ ጎረቤታችን የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች። የመድን አባል የሆነ ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ከከፈለ፣ ሲታመም ኪሱን ሳይዳብስ ይታከማል። ይሁንና መድኑ የታሰበው ለሕመም ነውና የዓይን መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለመልክ ማሳመሪያ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና አይሸፈኑበትም። የመርሳ ነዋሪ የሆነ አባልም ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ሳይዝ በቀጥታ ወልድያ ሆስፒታል ቢሄድ ከራሱ ኪስ የሚከፍለው ሊኖር ይችላል።

ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ ቅሬታ የሚያስነሣው፣ ሕመምን ከማዳን ውጭ ያለው አገልግሎት ነው። ለሥራ ቅጥር ወይም ለመንጃ ፈቃድ የሚደረግ የጤና ምርመራ፣ ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ሰው የሚሰጥ ማስረጃ፣ ለኢንሹራንስ የሚሞላ ቅጽ፣ የጠፋ የሕክምና ማስረጃ ቅጂ እና የመሳሰሉት ናቸው። ወረቀቱ አንዲት ገጽ ናትና ምን ያስከፍላል ያሰኝ ይሆናል። ነገር ግን ሐኪሙ ካርዱን አስፈልጎ ያነብባል፤ ሰውየውን ይመረምራል፤ ላቦራቶሪ ያዝዛል፤ በመጨረሻም ፊርማውንና ማኅተሙን ያኖርበታል። በሐሰት ቢመሰክር በሕግ ይጠየቅበታል። ይህ ሁሉ ሲሆን በደጅ የታመሙ ሕፃናት ተራ ይጠብቃሉ። የወረቀቱ ጥቅም ደግሞ ለአሠሪው፣ ለኢንሹራንስ ድርጅቱ ወይም ለጠያቂው ግለሰብ ነው። ለሕሙማን የተመደበው በጀት ለዚህ መዋል የለበትም የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

ይህ አሠራር በእኛ አገር ብቻ ያለ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1948 ብሔራዊው የጤና አገልግሎት ከተቋቋመ ወዲህ ሰው የቤተሰብ ሐኪሙ ዘንድ ሲታከም አይከፍልም። ከሰባት ቀን በላይ የታመመ ሠራተኛ ለአሠሪው የሚያቀርበው ማስረጃም በነፃ ይሰጠዋል። የኢንሹራንስ ቅጽ ወይም የግል ማስረጃ ሲጠይቅ ግን ሐኪሙ ያስከፍለዋል።

የሚከፈለው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል? ቀደም ሲል የጤና ተቋማት ገቢ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ከወጣ በኋላ በተደረጉት ማሻሻያዎች ግን ተቋሙ ገቢውን ለራሱ አስቀርቶ ለመድኃኒት፣ ለሕክምና መሣሪያና ለእድሳት እንዲያውለው ተፈቀደ። አጠቃቀሙንም የኅብረተሰቡ ተወካዮች ያሉበት ቦርድ ይከታተላል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ወቅት የወልድያ ሆስፒታልና የአካባቢው ጤና ጣቢያዎች ምን ያህል እንደተዘረፉ ያየ ሰው፣ እንዲህ ያለው ገቢ ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠፋውም።

በሌላ በኩል ክፍያ ሁሉ ትክክል ነው ማለታችን አይደለም። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ የጤና ጣቢያው ገቢ ሳይሆን የአንድ ሰው ኪስ ማደለቢያ ነው። በነፃ ለሚሰጥ አገልግሎት ገንዘብ የሚጠይቅም ጥፋተኛ ነው።

ሠራተኛ እናቶችና እህቶችም መብታቸውን ማወቅ አለባቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በሕግ ወይም በሚመለከተው ባለሥልጣን የታዘዘ የሠራተኛ የጤና ምርመራ ወጪው የአሠሪው ነው። በሆቴልና በምግብ ቤት የምትሠሩ ሴቶች፣ ምርመራው እንዲህ የታዘዘ ከሆነ ከደመወዛችሁ ሊቆረጥ አይገባም። ነፍሰ ጡር ሠራተኛም ለእርግዝና ምርመራ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ የማግኘት መብት አላት፤ የተመረመረችበትን ማስረጃ ግን ታቀርባለች። ስለዚህ በክትትሉ ቀን ማስረጃውን ሳትይዙ አትመለሱ።

አሠሪዎችም ቢሆኑ ሊያስቡበት ይገባል። ለግማሽ ቀን ራስ ምታት ማኅተም ያለበት ወረቀት ማስፈለግ ሠራተኛዋን ያስከፍላል፤ ሐኪሙንም ከሕመምተኞቹ ይነጥቃል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ወረቀት ከማስጻፋችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁ፤ የተለጠፈውን ታሪፍ ተመልከቱ፤ ማን መክፈል እንዳለበት አጣሩ፤ ከፍላችሁም ደረሰኝ ተቀበሉ። ቅር ያሰኛችሁ ነገር ካለ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ወይም ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አመልክቱ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ በሐብሩ ቀበሌዎችም ሆነ በወልድያ መንደሮች ያላችሁ እናቶች፣ ስለ ክፍያ ስታወሩ ነገሩን ለይታችሁ አውሩ። ገንዘብ የተከፈለው ለወረቀት መሆኑን ተናገሩ። አጠገባችሁ ላለችው ነፍሰ ጡርም ክትትሉም ሆነ ወሊዱ በጤና ጣቢያ በነፃ መሆኑን ንገሯት፤ ቀኗ ሲደርስም አብራችኋት ሂዱ።