ሕጉ እስከ ፋርማሲው ባንኮኒ ይድረስ

ኅዳር በመጣ ቁጥር የፀረ ተህዋስያን መድኃኒቶች የግንዛቤ ሳምንት ይከበራል። ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ በሆቴል አዳራሽ ጥናት ቀርቦ የሻይ ዕረፍት ይሆናል። ከአዳራሹ ወጥቶ አስፋልቱን የተሻገረ ሰው ግን የመጀመሪያው ፋርማሲ ገብቶ አሞክሳሲሊን ቢጠይቅ፣ «ማዘዣ አለዎት?» የሚለው ካጋጠመው ዕድለኛ ነው። ወይም እሱ ራሱ እንደሚለው፣ ዕድለ ቢስ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ያወጣው ሪፖርት እንደተለመደው ለሁለት ቀን መነጋገሪያ ሆኖ አልፏል። በላቦራቶሪ ከተረጋገጡ የባክቴሪያ ሕመሞች በዓለም ደረጃ ከስድስቱ አንዱ፣ በአፍሪካ ከአምስቱ አንዱ መድኃኒት የተላመደ ሆኗል። የሆስፒታሎቻችን የዘወትር መድኃኒት ሴፍትሪአክሶን ያለበትን ምድብ ኢኮላይና ክሌብሲየላ የተባሉት ባክቴሪያዎች በአህጉራችን ከ70 በመቶ በላይ ተላምደውታል። አስደንጋጭ ነው። እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ግን ሪፖርቱ ውስጥ ያለው ሳይሆን የሌለው ነው። ይህ ሁሉ ቁጥር የተሰበሰበው ታመው ጤና ተቋም ከደረሱ፣ ናሙናቸውም ላቦራቶሪ ከገባ ሰዎች ነው። ጤነኛው ልጅ አልተቆጠረም።

ጤነኛ ልጅ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖራል። የሳምባ ምችና ማጅራት ገትር ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች ዋነኛው ኒሞኮከስ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው ምንም ባልታመሙ ሕፃናት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ነው። እየሮጠ፣ እየሳቀ፣ ምሳውን በደንብ እየበላ የሚውል የሦስት ዓመት ልጅ ይዞት ይዞራል። በአንጀቱም ኢኮላይ አለ፤ ይህም ተፈጥሯዊ ነው። ለጉንፋን አንቲባዮቲክ ሲሰጠው፣ ጉንፋኑ የቫይረስ ነውና መድኃኒቱ አይነካውም። አፍንጫና አንጀት ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ግን ያገኛቸዋል። ለመድኃኒቱ የሚሸነፉት ይሞታሉ፤ የተላመዱት ሰፊውን ቦታ ለብቻቸው ይወርሳሉ። ልጁ አሁንም አልታመመም። በኬጂው በአንድ ኩባያ ከሚጠጣው ጓደኛው፣ ቤት ካለችው አራስ እህቱ፣ እሱን አቅፈው ከሚውሉት አያቱ ጋር ግን ያው ባክቴሪያ ይጋራል። አራሷ ታማ ሆስፒታል ስትገባ ሐኪሙ የሚያዝዘው መድኃኒት ለምን አልሠራ እንዳለ ማንም ወደ ወንድሟ ዞር ብሎ አያይም።

ይህ ግምት አይደለም፤ እዚሁ አገራችን ተለክቷል። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ለትራኮማ መከላከያ አዚትሮማይሲን ይታደል በነበረበት ጊዜ ተመራማሪዎች የልጆችን አፍንጫና ጉሮሮ መረመሩ። በተመረጡ ቀበሌዎች ዕድሜያቸው እስከ አሥር ዓመት ለሆኑ ልጆች መድኃኒቱ በየሦስት ወሩ ተሰጠ። በመጀመሪያ አዚትሮማይሲን የተላመደ ኒሞኮከስ የተገኘባቸው 3.6 በመቶ ነበሩ። በዓመቱ 46.9 በመቶ ደረሱ። በዚያው ጊዜ መድኃኒቱ ባልተሰጠባቸው ቀበሌዎች ልኩ 9.2 በመቶ ነበር። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

ይህን የጠቀስነው የትራኮማ ዘመቻውን ለመኮነን አይደለም። ዘመቻው ከዕውርነት የሚያድን ነው፤ በዚያው አካባቢ የሕፃናትን ሞት መቀነሱም በሌላ ጥናት ታይቷል። ያ መድኃኒት የታደለው በዕቅድ ነው። ልጁ በመለኪያው ዘንግ አጠገብ ቆሞ ቁመቱ ይታያል፣ የሚገባው ልክ በቁመቱ ተሰልቶ ይቀዳለታል፣ አዳዩ ፊት ይጠጣል፣ ስሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ተመራማሪዎችም ተከትለው ያስከተለውን ይለካሉ። እንዲህ በሥርዓት የተሰጠ መድኃኒት በአንድ ዓመት ይህን ያህል ከለወጠ፣ ዘንግም መዝገብም ሳይኖር በየሰፈሩ ዓመቱን ሙሉ የሚካሄደው ዕደላ ምን እየሠራ ይሆን? በከተሞቻችን ዛሬ ያለው እኮ ዕደላ ነው፤ ልዩነቱ በገንዘብ መሆኑ ብቻ ነው።

ከባልደረቦቻችን አንዱ በቅርቡ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ተራ ሲጠብቅ ያየውን እንንገራችሁ። አንድ አባት ገባ። «እህቴ፣ ለልጅ የሚሆን አሞክሳሲሊን ሲሮፕ ይኖራል?»

«ባለ 125ቱን ነው ባለ 250ውን?»

«እኔንጃ... እናቱ ያለፈውን ዓይነት ነው ያለችኝ።»

ባለ 250ው ተሰጠው። ሒሳብ ተቀበለች፣ «በጥብጣችሁ ስጡት» አለች፤ ቀጣዩ ደንበኛ ተጠራ። ጠቅላላው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ስለ ጠርሙሱ ጥንካሬ ተጠይቋል። ስለ ልጁ ዕድሜ፣ ስለ ክብደቱ፣ ትኩሳት ይኑረው አይኑረው፣ አተነፋፈሱ ይፍጠን አይፍጠን አንድም ጥያቄ አልተነሳም። ቀሪውን አንባቢ ከቤቱ ያውቀዋል። ዱቄቱ ጠርሙሱ ላይ እስካለው ምልክት ድረስ በውኃ ይበጠበጣል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይሰጣል፣ ሳሉ በራሱ ጊዜ ሲተው መድኃኒቱም ይቆማል። ከተበጠበጠ በኋላ ቢበዛ ሁለት ሳምንት የሚቆየው ትራፊ ፍሪጅ ላይ ተቀምጦ ታናሹ ሲያስነጥስ ይወርዳል። ካፕሱል ፈልፍሎ ዱቄቱን ቁስል ላይ የሚነሰንስ ጎረቤትም አናጣም።

ጣታችንን በዚያ አባት ላይ አንቀስርም። ልጁ ሌሊቱን ሲያስል ያደረ ሰው ነው። በፋርማሲ ባለሙያዋ ላይ ብቻም አንቀስርም፤ ብትከለክለው ቀጥሎ ያለው ፋርማሲ እንደሚሸጥለት ታውቃለች። ይህን ውድድር ማስቆም የሚችለው ከሁለቱም በላይ ያለው ተቆጣጣሪ ነው።

ሕግ አላነሰንም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከእሱ በፊትም አዋጅ ቁጥር 661/2002 ነበር። ዕቅድም አላነሰንም። የመጀመሪያው የጀርሞች መድኃኒት መላመድ መከላከያ ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ሦስተኛው እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 ተብሎ ዘመኑን ጨርሷል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔም ከዚህ ችግር ጋር የተያያዘውን ሞት በ2030 በአሥር በመቶ ለመቀነስ የፖለቲካ መግለጫ አጽድቋል። ወረቀቱ ሁሉ በቦታው አለ። ባንኮኒው ላይ ግን አንዱም አይታይም።

የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምንም አልሠራም ለማለት አንደፍርም። በየክልሉና በየከተማው ያሉ ተቆጣጣሪዎችም የሰው ኃይልና የተሽከርካሪ እጥረት እንዳለባቸው እንረዳለን። ችግሩ ሥራው በፌዴራልና በክልል መካከል ሲመላለስ ማዘዣ የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው። ፋርማሲ ሲታሸግ የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ጊዜው ያለፈበት ወይም የኮንትሮባንድ መድኃኒት ሲገኝበት ነው። ትክክለኛውን መድኃኒት ላልታዘዘለት ልጅ መሸጥ ግን እንደ ጥፋት የሚታይ አልመሰለንም። እኛ ዘንድ ጥፋት ነው።

ማዘዣ ከተጠበቀ ጤና ጣቢያ የራቀው ድሀ ይጎዳል የሚል መከራከሪያ ሁልጊዜ ይነሳል። እውነትነት የለውም አንልም፤ ከኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሌላ ባለሙያ በአቅራቢያው የሌለውን ገጠር እናውቃለን። ክርክሩ የሚነሳው ግን በአብዛኛው በአምስት መቶ ሜትር ውስጥ ሦስት ክሊኒክ ባለበት ከተማ ለሚሸጥ ሲሮፕ ነው። ደግሞስ መድኃኒቱ መሥራት ሲያቆም መጀመሪያ የሚጎዳው ማን ነው? ውድ የሆነውን ተተኪ መግዛት የማይችለው ያው ድሀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሞተዋል፤ ከአምስቱ አንዱ ዕድሜው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ነበር።

ነገሩ ያለቀለት አይደለም። በአገራችን የትራኮማ መድኃኒት ዕደላ በቆመባቸው ቀበሌዎች በተደረገ ክትትል፣ የተላመደው ኒሞኮከስ በሁለት ዓመት ውስጥ በእጅጉ ቀንሷል። መድኃኒቱ ፋታ ሲያገኝ ለመድኃኒቱ የሚሸነፉት ባክቴሪያዎች ቦታቸውን መልሰው ይይዛሉ ማለት ነው። ፋታ የሚሰጠው ግን ቲሸርት አይደለም።

ስለዚህ ከጤና ሚኒስቴርና ከተቆጣጣሪዎቹ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ቀጣዩ ስትራቴጂ የታመሙትን ብቻ ሳይሆን በየኬጂውና በየክትባት ጣቢያው ያሉ ጤነኛ ሕፃናትን ጭምር በናሙና ይመርምር፤ ጎንቻ ላይ የተቻለ አዲስ አበባም ሐዋሳም ይቻላል። ሁለተኛ፣ በዚህ ዓመት አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ በመሸጥ ስንት ፋርማሲ እንደተፈተሸ፣ ስንቱ እንደተቀጣ በቁጥር ይገለጽ። ቁጥሩ ሲደርሰን ትንሽም ይሁን ትልቅ በመጀመሪያው ገጻችን እናትመዋለን።